የጃፓኖች የስንብት ዘፈን እና የእኛ ስም ጥሪ

ከስዊዘርላንድ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። ያገኘኝ ሁሉ ስለ በረዶው ተራራና ስለ ቸኮሌቱ ይጠይቀኛል። ተራራውን በባቡር መስኮት አየሁት፤ ነጭ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ሌላ የምጨምርበት የለኝም። ቸኮሌቱን ለጎረቤት ልጆች አድዬ ጨርሻለሁ። እኔ የሄድኩት ዘፈን ልሠራ ነው። ወደዚያ አገር የመሄድ ሐሳቡም ዕድሉም ለሌላችሁ ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ።

እህቴ ሉባባ ዙሪክ አጠገብ ኦፕፊኮን በምትባል ከተማ ትኖራለች። አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ባለ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን መምህርት ናት፤ ኦርሊኮን የሚባል ሰፈር ውስጥ በተከራየችው ክፍል፣ እዚያ የተወለዱ ያበሻ ልጆችን አማርኛ ታስተምራለች። አሥራ አራት ዓመት ሆናት። ስድስት ሰዓት ላይ ክፍሉን ስትለቅ ጃፓኖች ተረክበው የራሳቸውን ልጆች የራሳቸውን ቋንቋ ያስተምሩበታል። ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እንደምጽፍ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

የጃፓን ትምህርት ዓመት የሚያልቀው በመጋቢት ነው። መጋቢት በመጣ ቁጥር የጃፓኖቹ ልጆች የምረቃ ዘፈን ይለማመዳሉ፤ ሉባባ ደግሞ ከጎን ባለችው ኩሽና ብርጭቆ እያጠበች በግድግዳው በኩል ታዳምጣለች። ባለፈው ጥር ደወለችልኝ።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «የእኔ ልጆች ሳይሰናበቱኝ ነው የሚጠፉት። አንድ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ በሚቀጥለው አይመጡም፣ በቃ። በአሥራ አራት ዓመት አንድም ልጅ ደህና ሁኚ ብሎኝ አያውቅም። ዘንድሮ አራት ልጆች ይጨርሳሉ። መጥተህ እንደ ጃፓኖቹ ያለ ዘፈን ሥራልኝ።»

ነገሩ ከዚያም ይብስ ነበር። የተማሪዎቿ ቁጥር ወደ አሥራ አንድ ዝቅ ብሏል። የክፍሉ አከራዮችም ከበጋ በኋላ የእሷን ሰዓት ለሌላ እንደሚሰጡ ነግረዋታል። ስለዚህ ዘንድሮ ካልተሰናበቱ መቼም አይሰናበቱም። እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙዚቃ አስተምሬ አምና ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። እሺ አልኳት። ቪዛው ሁለት ወር አንገላታኝ እንጂ ክራሬን አንጠልጥዬ ለመነሳት አንድ ቀን አልፈጀብኝም።

ሰኞ። አዲስ አበባ ላይ ፈታሹ ክራሬን ገልብጦ ገልብጦ አይቶ «ይሠራል?» አለኝ። አንድ ሁለት ስመታለት አሳለፈኝ። ጄኔቭ የተቀበለኝ የድሮ ባልንጀራዬ ዓለማየሁ ነው። ከደርግ ጊዜ ጀምሮ እዚያ የኖረ፣ አንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት በሾፌርነት አገልግሎ ጡረታ የወጣ፣ ጾም የማይሽር ክርስቲያን ነው። ዐቢይ ጾም ስለነበር ምስር ወጥና ጎመን ሠርቶ ጠበቀኝ፤ «ለአንድ እስላም ብዬ ቤቴ ሥጋ ሥጋ እንዲሸት አላደርግም» ብሎ ሳቀብኝ። እንጀራው ከአሥመራ ልጆች የተገዛ ነው አለኝ፤ ከእኛ ሰፈሩ ይወፍራል፣ ግን በላሁት። ሐይቁን ሊያሳየኝ ወስዶኝ ነበር። ውኃው እንዲያ ጥርት ብሎ ዳር ዳሩ ላይ ልብስ የሚያጥብ ሰው አለመኖሩ ገረመኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ የጀመርኩትን የዘፈኑን ግጥም አወጣሁለት። ዓለማየሁ መነጽሩን አድርጎ አነበበና «አገር የሚለው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ያለው» ብሎ ቅር አለው። ተጋግዘን ዘጠኝ አደረስነው። «የዕውቀት ማኅደር፣ የጥበብ አውድማ» የሚለውን መነሻ እሱ ነው ያገኘልኝ። ሁለታችንም በራሳችን እጅግ ተደሰትን።

ማክሰኞ። ዓለማየሁ እስከ ላ ጋር፣ እስከ ባቡር ጣቢያው ማለቱ ነው፣ ሸኘኝና ቢዬዬን እንዳልጥል አምስት ጊዜ አስጠነቀቀኝ። ትኬቱን ነው። ለመንገድ ያሰረልኝ ዳቦና የጾም ሳንቡሳ ገና ከጄኔቭ ሳንወጣ አለቀ። ባቡሩ ድምፅ የለውም፤ እኔ ደግሞ መኪናው ካልተንገጫገጨ እንቅልፍ አይወስደኝም ብዬ ተማምኜ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ አንዲት ተቆጣጣሪ በእርጋታ ትከሻዬን ትነካለች። ዙሪክን አልፈን የዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሰናል። ካንዱ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቼ ሌላው ላይ አረፍኩ። ሴትዮዋ ትኬቴን አይታ አልተቆጣችም፤ ከባቡሩ አውርዳ አንድ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና በራሷ ስልክ ለሉባባ ደወለችልኝ። ሉባባ ዋናው ጣቢያ ትልቁ ሰዓት ሥር አርባ ደቂቃ ቆማ ነበር። መጥታ ስታገኘኝ መጀመሪያ አቀፈችኝ፣ ከዚያ ሰደበችኝ። የእሷ ቤት ከዚያ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ፌርማታ ነው፤ ተኝቼ ነው እንጂ አቋራጩን መጥቼ ነበር።

እራት ላይ ለምን ለዚህ ነገር እንዲህ እንደተንገበገበች ጠየቅኳት። «እኔ ምን ጨርሻለሁና ጋሼ?» ብላ ሳህኑን አነሳች።

ይህን ላስረዳ። ሉባባ እህቴ ብቻ ሳትሆን ተማሪዬም ነበረች። ደሴ ውስጥ፣ ስምንተኛ ለ። የሚኒስትሪ ፈተና ሁለት ወር ሲቀረው ወደ ዓረብ አገር ሄደች። አባታችን ታሞ ስለነበር ማንም አልከለከላትም፣ እኔም አልከለከልኳትም። እኔ የዚያ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። እሷ በሄደች ማግስት ስም ስጠራ እህቴ ስም ላይ ደረስኩና ጠራኋት። አቤት የሚል የለም። መሄዷን ቤት ቁጭ ብዬ የማውቅ ሰው ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ስሟን ጠራሁ፤ መሰረዙ አቃተኝ። ኋላ ርእሰ መምህሩ ራሱ ሰረዘው። ከዓረብ አገር ከአሠሪዎቿ ጋር ስዊዘርላንድ መጥታ እዚያው ቀረች። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ነግሬያት አላውቅም። ያን ዕለት እራት ላይም አልነገርኳትም።

ረቡዕ። እዚያ አገር ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት የለም፤ ልጆቹ ሉባባ ቤት መጡ። እኔ ክራሬን ቃኝቼ «የዕውቀት ማኅደር» ስል በሩ ተንኳኳ። ከታች የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ በቀትር ማረፊያ ሰዓት ሙዚቃ እንደማይፈቀድ በሉባባ አስተርጓሚነት ነግረውኝ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል የተለጠፈውን ሕግ ወርደን እንድናይ ጋበዙኝ። እኛ ሰፈር በቀን አሥር ድምፅ ማጉያ ሲጮህ ማን ያንኳኳል? አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ ጠየቅኩ። እሳቸው ግን ስምንት ሰዓት ሲሆን ተመልሰው መጥተው፣ አሁን ይቻላል፣ ያ ባለ ስድስት ክር ነገር ደስ ይላል ብለው በሩ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ዘፈኑን አንድ ጊዜ ሙሉውን ዘፈንኩላቸው። ከሚጨርሱት አራት ልጆች ታላቋ ሐናን ናት፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ እናቷ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ከሁሉ ቀድማ እጇን አወጣች።

«ጋሽ ሰዒድ፣ ዘፈኑ ዙ ሽቬር ነው። በጣም ከባድ። እና ደግሞ ስለ እኛ አይደለም» አለች።

ስለ ማን ነው ታዲያ አልኳት። «ስለ ሽማግሌ» አለች። ሉባባ ሳቋን ለመዋጥ ወደ ኩሽና ገባች። ዘጠኙን አገር ይዤ አንድም ልጅ አብሮኝ ሊዘፍን አልቻለም። ያን ዕለት ክራሬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ ቅዳሜ ሳይደርስ ልጆቹ የሚዘፍኑትን ካልሠራሁ ወደ አገሬ እንደማልመለስ ለራሴ ማልኩ።

ሐሙስ። ሉባባ የጃፓኖቹን መምህርት ላስተዋውቅህ ብላ ኦርሊኮን ወሰደችኝ። ሳቺኮ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ስትናገር አንገቷን የምታዘነብል ሴት ናት። ቤቷ ስገባ ጫማዬን ለማውለቅ ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም፤ እሱ ላይ ከእኛ ቤት አይለይም። ሩዝ በእጅ ጠቅልላ በባሕር ቅጠል ሸፍና አቀረበች፤ እስላም እንደሆንን ስለምታውቅ ሥጋ የሚባል አላስገባችበትም። አንዱ ውስጥ በጨው የተዘፈዘፈ ኮምጣጣ ፍሬ ነበረበት፤ ከሎሚ ይብሳል፤ እንባዬ መጣና እሷ ደንግጣ ውኃ አመጣችልኝ። እሷና ሉባባ በጀርመንኛ ያወራሉ፣ ሉባባ ለእኔ ትተረጉምልኛለች።

ዘፈኖቹን አንድ በአንድ አሰማችኝ። እነሱ አገር መጋቢት ሲመጣ ሱቁም ሬዲዮውም የምረቃ ዘፈን ነው፤ ታዋቂ ዘፋኞች በየዓመቱ አዲስ ያወጣሉ። አንድ ሰው የቱን ዘፈን ሲሰማ እንደሚያለቅስ ካወቅህ ዕድሜውን ታውቃለህ አለችኝ። እሷ ለራሷ ሦስተኛው ላይ ዓይኗን ጠረገች። ከመካከላቸው መምህር ለገዛ ተማሪዎቹ ብሎ የሠራውም አለበት፤ ከአንድ ትምህርት ቤት ወጥቶ አገሩን ያዳረሰ። ይህን ስሰማ ጀርባዬ ቀጥ አለ።

ምን እንደሚሉ ጠየቅኳት። እኔ ስለ አገር ክብርና ስለ መምህራን ውለታ ጠብቄ ነበር። አንዱ ስለ ክፍሉ መስኮት ነው። አንዱ ወደ ትምህርት ቤት ስለሚያስኬደው መንገድና ስለሚረግፈው አበባ። አንዱ ሳይታረቁ ስለተለያዩት ጓደኛ። በእኛ ምረቃ ጋውን ይከራያል፣ የአበባ ጉንጉን ይታሰራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አንድ ዓይነት ዘፈን በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል፤ ተመራቂው ራሱ ግን አፉን አይከፍትም። እነሱ ዘንድ መጀመሪያ ታናናሾቹ ለታላላቆቹ ይዘፍናሉ። ከዚያ መምህሩ ስም ይጠራል፤ እያንዳንዱ ልጅ ቀጥ ብሎ ቆሞ «ሐይ» ይላል፤ አቤት ማለት ነው። በመጨረሻ ታላላቆቹ በዘፈን መልስ ይሰጣሉ። አቋቋሙን ሳይቀር ሳምንታት ይለማመዱታል። ሳቺኮ ሳሎኗ መሃል ተነስታ እንዴት እንደሚቆም አሳየችኝ፤ የስድሳ ዓመት ሴት እንደ ተማሪ እጇን ጎኗ ላይ አድርጋ «ሐይ» ስትል ሉባባ ዓይኗን ከእሷ ላይ አልነቀለችም።

ዓርብ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ለአራቱም ልጆች አስደወልኩ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ከቅዳሜው ትምህርት ምን ትዝ ይልሃል፣ ምን ትዝ ይልሻል። ስለ ፊደል ያነሳ የለም። ቅዳሜ ጠዋት ባቡሩ ባዶ መሆኑን፣ መስኮት ጋ ለመቀመጥ መጣላታቸውን፣ እትዬ ሉባባ ስም ስትጠራ የቀረውንም ልጅ ሳትዘል መጥራቷን ነገሩኝ። ይህን የመጨረሻውን ያለችኝ ሐናን ናት። «ያልመጣውንም ትጠራዋለች፣ ከዛ ትንሽ ዝም ትላለች» አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁ። ለካ እህቴም እንደ እኔው ነች። ግጥሙ ከዚያ በኋላ ትራም ላይ እንደተቀመጥኩ መጣ፦

ቅዳሜ ጠዋት ባቡሩ ባዶ ነው፣
እኔና እህቴ መስኮቱ ጋ ነን።
ስሜን የጠራሽው እንዳልጠፋ ነው፣
አቤት እላለሁ የትም ብንሆን።

አንድም አገር የለበትም። ዓለማየሁ ቢሰማ ያለቅሳል። ያኑ ማታ በእህቴ ስልክ ዘፍኜ ቀድቼ፣ እንዲለማመዱት ለአሥራ አንዱም ልጆች ላክሁት።

አንድ ችግር ቀረ። ከአራቱ አንዱ ዮናታን ዲቲኮን የሚባል ከተማ ነው የሚኖረው፤ አባቱ፣ ልጁ ቅዳሜ እግር ኳስ አለው ብሎ ነበር። በባቡር ሄድኩ። አባትየው የዕቃ መጋዘን ሠራተኛ ነው፤ ለእረፍት ሲወጣ በር ላይ አገኘሁት። አማርኛው ለልጁ ምን እንደሚፈይድለት ጠየቀኝ። እኔ የመጣሁት ለአማርኛው ሳይሆን ልጁ እህቴን ተሰናብቶ እንዲሄድ ነው አልኩት። ፈረቃ አለብኝ አለ። ልጁን ብቻውን ላከው አልኩት። አየዋለሁ ከማለት በቀር ወይ ፍንክች። ባዶ እጄን ተመለስኩ፤ ቢሆንም ስሙን ከዝርዝሩ አላወጣሁም።

ቅዳሜ። አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። ሉባባ ለወላጆች የምትነግረው ሰዓት ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት የቀደመ ነው፤ አበሻ እንደሚያረፍድ ስለምታውቅ። ወላጆቹም ይህን ካወቁ ዓመታት አልፈዋል፤ አራት ካለች አምስት ላይ ይመጣሉ። ያለ ቃል የጸና ስምምነት ነው። የጥሪውን መልእክት ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሰዓት አገር ነው ብዬ ትክክለኛውን ሰዓት፣ ከጠዋቱ አራት፣ ብዬ ጻፍኩ።

አራት ሰዓት ላይ ክፍሉ ውስጥ እኔ፣ ሉባባ፣ ሐናንና ሃያ አምስት ባዶ ወንበር ነበርን። ሉባባ መልእክቴን ስልኳ ላይ አይታ «ምን አድርገህ ነው እውነቱን የጻፍክላቸው?» አለችኝ። አምስት ሰዓት ላይ መምጣት ጀመሩ። ሁሉም ፈገግ ብለው፣ ሁሉም በሰዓቱ የመጡ መስሏቸው፣ ድስት ተሸክመው። ሰላምታው ብቻ ሃያ ደቂቃ ወሰደ። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ክፍሉን በስድስት ሰዓት የሚረከቡት የጃፓኖቹ ልጆች ኮሪደሩ ላይ ጫማቸውን መቀየር ጀመሩ። የእነሱም የምረቃ ቀን ነበር።

የጻፍነው መርሐ ግብር ረጅም ነው፤ የዙሪክ አበሾች ማኅበር ሊቀ መንበር ንግግር፣ የወላጆች ተወካይ ንግግር፣ የእኔም ንግግር። ደብተሬን አወጣሁና ከሊቀ መንበሩ ፊት ሦስቱንም ሰረዝኩ። ቅር አለው፤ የእኔንም መሰረዜን ሳሳየው ተቀመጠ። የቀረው ዘፈን፣ ስም ጥሪና ዘፈን ነው። ሳይታወቀኝ የጃፓኖቹን ሥርዓት ብቻ አስቀርቼ ነበር።

ሰባቱ ትንንሾች ተሰልፈው ዘፈኑን ዘፈኑ። አንዷ መሃል ላይ ግጥሙ ጠፋትና ሌሎቹ ጠበቋት። ሳቺኮ ሰዓት አልቋል ልትል በሩን ከፈተች፤ አየችን፤ ልጆቿን በጣቷ ዝም አሰኝታ በሩን እንደተከፈተ ተወችው። የስም መጥሪያውን ደብተር አነሳሁ።

ሐናንን ጠራሁ። አቤት። ሶፊያን ጠራሁ። አቤት። ቢላል እንዲያ ጮኾ መለሰ፣ ሰው ሳቀ። ዮናታንን ጠራሁ። ዝም። እንደ እህቴ ትንሽ ጠበቅኩና ደገምኩት። ኮሪደሩ ላይ ግርግር ተነሳ፤ በጃፓኖቹ ልጆች መካከል አንድ የእግር ኳስ ማሊያ የለበሰ ልጅ እየተሹለከለከ ገባ፣ ከኋላው አባቱ የመጋዘን ልብሱን እንደለበሰ። «አቤት» አለ ልጁ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

ዝርዝሩ አለቀ። ደብተሩን ልዘጋ ስል ከዮናታን ሥር ያለውን ባዶ መስመር አየሁና መዝጋቱን ተውኩት። ሉባባ ከኋላ ጠረጴዛው ዘንድ ሰዓቱን እያየች ድፎውን ትቆርሳለች።

«ሉባባ እንድሪስ» አልኩ። «ስምንተኛ ለ።»

«ምንድን ነው ጋሼ?» አለች ቀና ሳትል። «ጃፓኖቹ እየጠበቁ ነው እኮ።»

ሐናን ወደ እሷ ዞረች። «እትዬ፣ እንደሱ አይደለም። አቤት ነው የሚባለው።»

ሉባባ ቢላዋውን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ አየችኝ። ስምንተኛ ለ ያልኩት ያን ጊዜ ነው የገባት፤ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ሽርጡን ፈታች፣ ሐሙስ ዕለት ሳቺኮ እንዳሳየችን እጇን ጎኗ ላይ አድርጋ ቀጥ አለች። ስሟን እንደገና ጠራሁት።

«አቤት» አለች እህቴ።

አራቱ ልጆች ክራር ሳይጠብቁ ዘፈኑን ጀመሩ። እኔ እስክሪብቶ ስፈልግ ነበር። አገኘሁና ባዶው መስመር ላይ ስሟን ጽፌ ከጎኑ ምልክት አደረግኩ።